ስለ «አመልካች ጨረር»

በመቐለ ከተማ፥ ስሙ በትግርኛ «የሐቅ አገር» ተብሎ በሚሰማው በዓዲ ሓቂ፥ ከብዕር የማትበልጥ፥ አዝራሯ ሲጫን አረንጓዴ የብርሃን ዘንግ ወደ ሰማይ የምትዘረጋ መሣሪያ በየመደብሩ ትገኛለች፤ ከዋክብትን መመልከት የሚወዱ ወጣቶችም ይህ የሰሜን ኮከብ ነው፥ ያ ደግሞ የደቡብ መስቀል ነው እያሉ ለጓደኞቻቸው ለማሳየት ይገለገሉባታል። ስሟ ሲጠየቅ ግን አንዱ «ሌዘር ፖይንተር»፥ ሌላው «ሌዘር ላይት» ይላል፤ ወደ አማርኛ መለስኩት የሚለውም «የሌዘር ጠቋሚ» ብሎ ያርፋል። ከሦስቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ባዕድነቱ የታወቀ ቃል እንግዳ ሆኖ ይኖራል፥ አማርኛ የመሰለ ስሕተት ግን ቤተኛ ሆኖ ይቀራልና።

አስቀድመን «ሌዘር»ን እንመርምር። በእንግሊዝኛ ቆዳ የሚባልበትና ይህ ብርሃን የሚጠራበት ቃል በድምፅ የተለያዩ ሲሆኑ፥ የፊተኛው ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገር፥ በፊደላችንም የሌለ ድምፅ ስላለበት፥ ሁለቱም በእኛ ዘንድ «ሌዘር» ተብለው ተጽፈዋል፤ ሌዘር ጃኬት፥ ሌዘር ቦርሳ ሲል የኖረ ሰውም «የሌዘር ጠቋሚ» የተባለው ከቆዳ የተሠራ ዕቃ ቢመስለው አይፈረድበትም። ቃሉ በገዛ አገሩ እንኳ ሥር የለውም፤ ትርጓሜያቸው «ብርሃንን በተቀሰቀሰ የጨረር ልቀት ማጉላት» ከሆነ ቃላት የመነሻ ፊደል ተለቅሞ የተገጣጠመ ነው፤ የመጀመሪያውን መሣሪያም አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ሠራው። የፊዚክስ መምህር በቤተ ሙከራው ቢጠቀምበት አልነቅፈውም፤ ሰማይን ለሚያሳይ ግን «ጨረር» ይበቃዋል። ጨረር ሲባል ሕዝቡ የሆስፒታሉን ያስባል፥ ይፈራልም የሚሉኝ አሉ፤ ዐይን የሚያጠፋ ብርሃን ጥቂት ቢፈራ ምን ይከፋል?

«ጠቋሚ»ም አያስደስተኝም። መጠቆም ማሳየት ቢሆንም፥ ዛሬ ጥቆማ ለፖሊስ የሚደርስ ወሬ፥ ጠቋሚም ወሬውን አቀባዩ ሆኗልና።

ልቤ ለብዙ ጊዜ ያዘነበለው ወደ ግእዙ «መርሐ» ነበር። አማርኛችን ሐውን ጥሎ «መራ» ያለውን ትግርኛ ከነሙሉ ድምፁ አኑሮታል፤ በመቐለ «መራሒ» የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ኮከቡ ሰብአ ሰገልን መርቶ ቤተ ልሔም አድርሷል፤ በግእዝ ልሳን ብቻ ሙሉ ሆኖ በቆየልን በመጽሐፈ ሄኖክም መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ የብርሃናትን ሥርዓት ያሳየዋል። ይህን የመሰለ መጽሐፍ ያቆየ ልሳን ለአንዲት ብርሃን ስም ያጣል ማለት አይቻልም። ነገር ግን «መሪ» አብሮ የሚሄድ፥ የሚከተሉት ነው፤ ይህች መሣሪያ ባለችበት ሆና ታሳያለች እንጂ አትመራም፤ ደግሞም መሪ ዛሬ በመኪና ውስጥ የምናዞረው ነው። ስለዚህ መራሒን ሳልወድ ተውኩት።

የቀረውና የመረጥኩት «አመልካች ጨረር» ነው። አመልካች ለቢሮ ማመልከቻ የሚያቀርብ ሰው መሆኑን አልረሳሁም፤ ሆኖም «አመልካች ጣት» ስንል ማንም ባለጉዳይን አያስብም። የመሣሪያዋ ተግባርም የጣቱ ተግባር ነው፥ ያውም ጣት የማይችለውን። አንድ ሰው በጣቱ ወደ ኮከብ ሲያመለክት አጠገቡ የቆመው ከሌላ ማዕዘን ስለሚያይ ጣቱ በሌላ ኮከብ ላይ ያረፈ ይመስለዋል፤ የጨረሩ ጫፍ ግን በዙሪያው ለቆሙት ሁሉ ከሞላ ጎደል በአንዱ ኮከብ ላይ ያርፋል።

ስለ ዕቃዋ ጥቂት ይበቃል። በጨለማ የሰው ዐይን ከቀይ ይልቅ ለአረንጓዴ ንቁ ስለሆነ፥ 532 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያላት አረንጓዴዋ ትመረጣለች፤ አየሩ ብርሃኑን ስለሚበትነውም ዘንጉ ይታያል፤ ኃይሏ ከ5 ሚሊዋት እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው የበለጠ ኃይል ያላቸው፥ የማይታይ ታሕተ ቀይ ጨረርም የሚያፈሱ ርካሾች ስላሉ፥ ከማይታወቅ ሻጭ አለመግዛት ይሻላል። ወደ ሰው ዐይን ወይም ወደ መስተዋት መቀሰር የለባትም፤ ይልቁንም መቐለ የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ከተማ ስለሆነች፥ የአውሮፕላን መብራት በታየ ጊዜ ወዲያው መጥፋት አለባት፤ በምሽት የሚያርፍ አብራሪ ዐይኑ ለቅጽበት እንኳ ቢታወር የብዙ ነፍስ አደጋ ነው። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስላለች፥ በግንቦት ምሽት ከአድማስ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ የሚታየውን የሰሜን ኮከብ፥ የደቡብ መስቀልንም በተቃራኒው ወገን ማመልከት ይቻላል።

ማመልከት አልኩ፤ ስሙ ከግሡ ጋር አብሮ መምጣቱ ሌላው ብልጫው ነው። ተማሪ «መምህር፥ የሰሜኑን ኮከብ ያመልክቱልን» ቢል ያለ ድካም ይነገራል፤ ከ«ሌዘር» ግን ማን ግሥ ያወጣል? ነጋዴዎቻችንም በሣጥኑ ላይ «አመልካች ጨረር» ብለው ከሥሩ የሚሊዋቱን ልክ በአማርኛና በትግርኛ ቢጽፉ፥ ገዢው የያዘውን ዕቃና የሚጠነቀቅለትን ነገር በአንድ ጊዜ ባወቀ ነበር።