ከመድፉ በፊት መንገዱ



ባለፈው ወር አንድ ሌሊት፣ ቤይሩት ከምሠራበት ቤት በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ መንገዱ በፖሊስ ተዘጋ። ቆየት ብሎ ጎማው ተቆጥሮ የማያልቅ መኪና፣ ቤት የሚያህል የመብራት ትራንስፎርመር ተሸክሞ እንደ ኤሊ እየተጎተተ መጣ። ከፊቱ ትንሽ መኪና መብራት እያብለጨለጨች ትመራዋለች፤ ከኋላው ሌላ አለች። ሁለት ሰዎች በረጅም እንጨት የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከፍ ያደርጉለታል። ጥጉን ለመታጠፍ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

በማግስቱ ለታላቅ ወንድሜ ድምፅ ላክሁለት። በጅቡቲ መንገድ የሎቤድ ረዳት ነው። ሳቀብኝ። «አንቺ ያየሽው መጨረሻውን ነው፤ ዋናው ሥራ ከመጫኑ በፊት ነው» አለኝ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሜትር ይዞ መንገዱን በሙሉ ይሄድበታል። ድልድዩ ስንት ቶን ይችላል? ሽቦው ስንት ሜትር ላይ ነው? ኩርባው ያስዞራል? ዳገቱስ? ቁልቁለቱስ? የት ያድራሉ? «ደግሞ ተፈታቶ በሁለት መኪና የሚሄድ ዕቃ ከሆነ እኛን አይጠሩንም። እኛ የምንጠራው ለማይከፈለው ነው።»

ይህን ስሰማ ትምህርት ቤት የተማርኩት ሴባስቶፖል ትዝ አለኝ። በየእሁዱ ዕረፍቴ ስለሱ ማንበብ ጀመርኩ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በሚባለው ቦታ፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ከአገራችን ሠራተኞች ጋር አድርገው መድፍ አሠሩ። ትልቁን ሴባስቶፖል አሉት። ብዙ ሰው 70 ቶን ነው ይላል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የሰማሁት። ትክክለኛው ግን ወደ 7 ቶን ነው፤ 70 ኩንታል ማለት ነው። 70 ኩንታልም ቢሆን ቀላል አይደለም እኮ! ያውም አንድ ወጥ ነው፤ የማይከፈል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አብዛኛው አገር ከንጉሡ እጅ ወጥቶ ነበር። እንግሊዞችም የታሰሩባቸውን ሰዎች ለማስለቀቅ ጦር እያሰናዱ ነው። የቀራቸው ጠንካራ ቦታ መቅደላ አምባ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቹን በጋሪ ጭነው ተነሡ። ለጋሪ የሚሆን መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ሄደ። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ጉድጓድ ይሞላል፣ ዛፍ ይቆረጣል፤ ከዚያ መድፉ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ከቤተ ሖር ወደ ዥጣ ወንዝ የሚወርደው ገደል ነው፤ ጥልቀቱ ወደ 1000 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ጋሪ ቀጥ ብሎ አይወርድም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይቆረጣል፤ ዳገት ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው ከፊት ይጎትታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ሰው ከኋላ ገመድ ይዞ ፍሬን ይሆናል። ዥጣን ተሻግረው ደላንታ ወጡ፣ ከዚያ እንደገና ወደ በሽሎ ወርደው እንደገና ወጡ። መጋቢት ላይ መቅደላ ሲደርሱ ከአምስት ወር በላይ ሆኗቸው ነበር።

የወንድሜን ጥያቄዎች ሳስታውስ፣ ኩርባውም፣ ዳገቱም፣ ወንዙም ታስቦበታል። ነዳጁስ? የዚያ ጉዞ ነዳጅ እኮ እህል ነበር። በዚያ ዘመን ሠራዊትን ብዙ ሴቶች ይከተሉት ነበር፤ ፈጪ፣ ጋጋሪ፣ ውኃ ቀጂ፣ ዕቃ ተሸካሚ። ቀን ገመድ የሚጎትተው ሰው ማታ የሚበላውን፣ ቀን ስትሸከም የዋለችው ሴት ናት ማታ የምትፈጨው። እህሉም ቢሆን ከገበሬው ጎተራ በግድ የተወሰደ ነበር። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የመድፉን ስም እንኳ እናውቃለን። ያቺ የፈጨችው ማን ትባል ነበር? የጻፈላት የለም።

እንግሊዞቹ በሌላ ዘዴ መጡ። ዙላ ላይ ከመርከብ ወርደው ባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ትንንሽ መድፎቻቸው ተፈታተው በበቅሎ ይጫናሉ፤ ለከባዶቹ ከህንድ 44 ዝሆኖች አመጡ። ጭነታቸውን ለመንገዱ እንዲሆን አድርገው አሰናዱት። ዥጣ ሲደርሱ ደግሞ ምን አገኙ? ንጉሡ ለሴባስቶፖል ያስቆረጡትን መንገድ! በዚያው ወርደው በዚያው ወጡ። ያ ሁሉ ሰው የለፋበት መንገድ ለጠላት ሆነ። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ውጊያ ተደረገ፤ መድፎቹ ብዙም አልጠቀሙ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው።

እኔ ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት። ያንን ገደል መድፍ አሻግሮ ማውጣት ዛሬም ያስደንቃል። ግን ማድረሱ ብቻ በቂ አልነበረም። ሲደርስስ ምን ይሆናል? የሠራነው መንገድስ ማንን ያመጣብናል? ይሄ ነው የጎደለው።

የራሴንም አሰብኩት። እኔ ስመጣ ሁሉ ነገር እስከ ቦሌ ድረስ ታቅዶ ነበር። ሻንጣዬ በኪሎ ተመዘነ። እኔ ግን ምን ያህል እንደምሸከም የለካ የለም። የሚመለሰውን መንገድ ደግሞ ጭራሽ ያየው ሰው አልነበረም። የደላላውን ዕዳ ስከፍል ሁለት ዓመት ሄደ፤ ፓስፖርቴ እስካሁን በእጄ አይደለም።

አሁን ደግሞ የአክስቴ ልጅ ልትመጣ ነው፤ ለደላላ የሚሆን ገንዘብ ላኪልኝ ብላኛለች። ቅሪ ለማለት አፌ አይሞላም፤ እኔ እዚህ ሆኜ እንዴት ብዬ? ወንድሜ ከመጫኑ በፊት እንደሚጠይቀው ግን እጠይቃታለሁ። ውሉ በምን ቋንቋ ነው፣ የሚያነብልሽስ አለ? ፓስፖርትሽን ማን ይይዛል? ዕዳው በስንት ወር ያልቃል? መመለስ ብትፈልጊ ትኬቱን ማን ይቆርጣል?

ገንዘቡን ገና አልላክሁም። እሁድ እደውልላታለሁ።