ከአትክልት ተራ እስከ ዓሣ ኩሬ፤ መኖ፣ ብክለትና የእርባታ ዓሣ ጤና

እንደሚታወቀው የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዓል ሲከበር ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እህል ገበያ ብዙ ይጻፋል። በዚህ ጽሑፍ ግን የብዙ አባሎቻችንን ምርት የሚነካ ሆኖ ሳለ እምብዛም ስለማይነሳ ጉዳይ፣ ማለትም ስለ እርባታ ዓሣ ጤና ባጭሩ እንመለከታለን።

የአዲስ አበባ ሰው ዓሣን የሚያውቀው በሐይቅ ዳር ሳይሆን በገበያ ነው። አራዳ፣ ፒያሳ በሚገኘው አትክልት ተራ ጎመንና ሽንኩርት ከሚራገፍበት አጠገብ የዓሣ መሸጫ ቤቶች ነበሩ። በተለይ በዐቢይ ጾም የዓሣ ገዥ ይበዛል። የአትክልት ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም ስሙ ዛሬም ይጠራል።

በእነዚህ ቤቶች ይሸጥ የነበረው በአብዛኛው ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከቆቃ የተያዘ ዓሣ ነው። የሐይቅ ዓሣ ግን ገደብ አለው። ስለሆነም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሰበታ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የዓሣ ምርምር ማዕከል የቆሮሶ፣ የካርፕና የአምባዛ ጫጩቶችን እያራባ ለግድቦችና ለገበሬ ኩሬዎች ሲያሠራጭ ቆይቷል።

በሐይቅ ያለ ዓሣ ምግቡን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። በኩሬ ያለው ግን አርቢው የሰጠውን ይበላል፤ አርቢው ባስገባለት ውኃም ይተነፍሳል። ስለዚህ ጤናው በሁለት በሮች ይወሰናል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው በር መኖ ነው። በአገራችን ኩሬዎች የተለመደው ተጨማሪ መኖ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። እነዚህ ያሳድጋሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን አይበቁም። ለምሳሌ አብዛኞቹ የእርባታ ዓሦች ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ማዘጋጀት አይችሉም። ሲጎድልባቸው አከርካሪያቸው ይጣመማል፣ ቁስላቸው ቶሎ አይድንም፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸውም ይደክማል። ይህ ቫይታሚን በሙቀትና በረጅም ክምችት ስለሚጠፋ የቆየ መኖ ዓሣውን አጥግቦ ሊያስርበው ይችላል። በግብፅ በቆሮሶ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች በመኖ ውስጥ በልክ የገባ ነጭ ሽንኩርት የዓሣውን በሽታ የመቋቋም ኃይል እንደሚያጎለብት አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ማጎልበቻ ሁሉ ልክ አለው፤ ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን በጥቂቱ ሲሰጥ ይጠቅማል፣ ሲበዛ ይመርዛል።

ከሁሉም የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ የትራውት ዓሣ ማራቢያዎች የጉበት ካንሰር በብዛት ተከሰተ። ሲመረመር ምክንያቱ በመኖው ውስጥ የገባው የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ላይ ያደገ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሆኖ ተገኘ። ቆሮሶ ከትራውት ይልቅ መርዙን ቢቋቋምም እድገቱ ይጓተታል፣ መከላከያውም ይዳከማል። ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና አካባቢዋ በተካሄደ የወተትና የከብት መኖ ጥናት ይኸው መርዝ በተለይ በኑግ ፋጉሎ ውስጥ በብዛት ተገኝቷል። ላሟን የሚጎዳ ፋጉሎ ዓሣውንም አይምርም።

ሁለተኛው በር ውኃ ነው። ቀበናና ቀጨኔን የመሳሰሉ ወንዞች የከተማውን ቆሻሻ ይዘው ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ፣ ከዚያም በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የቆቃ ግድብ ይደርሳሉ። ካርፕ መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባው በዚሁ አባ ሳሙኤል በኩል እንደሆነ የዘርፉ ሊቃውንት ጽፈዋል። የዛሬው አባ ሳሙኤል ግን በደለልና በእምቦጭ የተጨነቀ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም፣ እንዲሁም እርሳስና ካድሚየም ቀስ በቀስ በዓሣው ስንጥብ፣ ጉበትና ኩላሊት ይከማቻሉ። ዓሣ መቅኔ ስለሌለው የመከላከያ ሕዋሳቱ በብዛት የሚሠሩት በኩላሊቱ የፊት ክፍል ነው። በመሆኑም ኩላሊቱ የተመረዘ ዓሣ ወታደር የሌለው ከተማ ይሆናል፤ ሁልጊዜ በውኃ ውስጥ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ይጥለዋል። አርቢው ግን የሞተውን ዓሣ አይቶ በሽታውን ብቻ ይወቅሳል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ማጎልበቻ የተበከለ ውኃን አያጸዳም፤ ንጹሕ ውኃም የሻገተ መኖን አያድንም። ሁለቱ በሮች አብረው ሊጠበቁ ይገባል። ኑግ የሚያመርተው፣ የሚያከማቸውና ዘይት የሚጨምቀው አባላችን ነው። ኑጉን በሚገባ አድርቆ ማስገባት፣ ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ የሻገተውን ለከብትም ለዓሣም አለመስጠት በእጃችን ያለ ሥራ ነው። የአካባቢ አስተዳደር አካላት ደግሞ የኩሬ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የውኃው ምንጭ እንዲመረመር ቢያደርጉ፣ ገበሬው ጫጩት ገዝቶ ሬሳ ከመልቀም ይድናል።

በገበያ ላይ የሚቀርበው ዓሣ ጤና የሚጀምረው ከመጋዘናችንና ከወንዛችን ነው። መጪው የዩኒየናችን ዘመን ይህን የምናስብበት ይሁንልን!