የመልክዓ ምድር ስሱነት ግምገማ

የመልክዓ ምድር ስሱነት ግምገማ አንድ አካባቢ የታሰበለትን ለውጥ፣ ለምሳሌ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር፣ መንገድ ወይም ፋብሪካ፣ መለያ ባሕርዩን ሳያጣ ምን ያህል ሊቀበል እንደሚችል የሚጠናበት የፕላን ዘዴ ነው። በተለይ የሚያገለግለው በማደግ ላይ ያለ ከተማ ወደ የትኛው አቅጣጫ ቢሰፋ ጉዳቱ እንደሚያንስ ለመለየት ነው። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በከተማው ዙሪያ ያለውን መሬት ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ስሱነት በደረጃ የሚያሳይ ካርታ እና ደረጃው ለምን እንደተሰጠ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው።

ግምገማው አስፈላጊ የሆነበት ዋና ምክንያት የከተማ መስፋፋት በቀላሉ የማይቀለበስ መሆኑ ነው። የተቆረጠ ደን በዓመታት ብዛት ሊያገግም ይችላል። ተሞልቶ ሕንፃ የቆመበት ረግረግ ወይም በአስፋልት የተሸፈነ ለም እርሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ እንደነበረ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት መሬቱ ተሸንሽኖ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ

መልክዓ ምድር ሲባል ተራራው፣ ወንዙና ደኑ ብቻ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ ለፊርማ የቀረበውና በ2004 በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የመልክዓ ምድር ስምምነት፣ መልክዓ ምድርን ሰዎች በሚያዩትና በሚረዱት መልኩ፣ በተፈጥሮና በሰው ሥራ መስተጋብር የተፈጠረ አካባቢ አድርጎ ይተረጉመዋል። ስምምነቱ እጅግ ውብ የሆኑትን ቦታዎች ብቻ ሳይሆን ተራውን የዕለት ተዕለት አካባቢና የተጎሳቆለውን ጭምር ያካትታል። በዚህ አተያይ የእርከን እርሻ፣ የመቃብር ስፍራ፣ የገበያ መንገድና የከብት ግጦሽ ሁሉ የመልክዓ ምድር ክፍሎች ናቸው።

ስሱነት የሚመዘነው ሁለት ነገሮችን አጣምሮ በማየት ነው።

• ተጋላጭነት፦ ቦታው የታሰበው ዓይነት ለውጥ ቢመጣበት ባሕርዩ በምን ያህል ቀላሉ ይበላሻል የሚለው ነው። ከሩቅ የሚታይ ራቁት ኮረብታ በላዩ ላይ ለሚሠራ ፎቅ በጣም ተጋላጭ ነው። በዛፎች የተከበበ ሜዳ ግን ዝቅተኛ ቤቶችን ሸፍኖ ሊይዝ ይችላል።

• ፋይዳ፦ ቦታው ለሰዎችና ለተፈጥሮ ያለው ጥቅም ነው። የውሃ ምንጭነት፣ የዱር እንስሳት መኖሪያነት፣ ታሪክ፣ ሃይማኖታዊ ትርጉም፣ ውበትና መተዳደሪያ በዚህ ሥር ይካተታሉ።

ከዚህ የሚከተል አንድ መሠረታዊ ነጥብ አለ። «ስሱ መሬት» የሚባል ነገር ለብቻው የለም፤ መሬት ስሱ የሚሆነው ለአንድ ለተወሰነ ለውጥ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ሜዳ ለባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ዝቅተኛ፣ ለረጃጅም ሕንፃዎች ደግሞ ከፍተኛ ስሱነት ሊኖረው ይችላል። ስለሆነም ግምገማው ሲጀመር ምን ዓይነት ግንባታ፣ በምን ቁመትና በምን ጥግግት እንደታሰበ መገለጽ አለበት።

ስሱነት ከመሸከም አቅምም ይለያል። የመሸከም አቅም አንድ ቦታ ስንት ቤት ወይም ስንት ሄክታር ግንባታ ሊይዝ እንደሚችል ወደ መወሰን ይሄዳል። ስሱነት ግን የጉዳቱን ዕድልና ክብደት ብቻ ያመለክታል።

ታሪክ

ለዘዴው መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል ዋነኛው በስኮትላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኢያን ማክሃርግ (1920–2001 እ.ኤ.አ.) ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው «ዲዛይን ዊዝ ኔቸር» የተባለው መጽሐፉ የንብርብር ካርታ አሠራርን በሰፊው አስተዋወቀ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ለተዳፋት፣ ለአፈር፣ ለውሃ፣ ለደን፣ ለታሪካዊ ቦታዎችና ለመሳሰሉት በየአንዳንዳቸው ብርሃን በሚያስተላልፍ ወረቀት ላይ ካርታ ይሣላል፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ ጠቆር ተደርጎ ይቀባል። ወረቀቶቹ ተደራርበው ሲታዩ በጣም የጠቆረው ቦታ ግንባታ ሊርቀው የሚገባ፣ የነጣው ደግሞ የተሻለ ምርጫ ይሆናል።

በዚያው በ1960ዎቹ ሮጀር ቶምሊንሰን በካናዳ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ጂኦግራፊያዊ የመረጃ ሥርዓት (ጂአይኤስ) ሲገነባ፣ በወረቀት ይሠራ የነበረው ንብርብር ወደ ኮምፒውተር የሚሸጋገርበት መንገድ ተከፈተ። በብሪታኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ የመልክዓ ምድር ባሕርይ ጥናት መመሪያ ወጣ። የእንግሊዝ የተፈጥሮ ጥበቃ አማካሪ መሥሪያ ቤት የሆነው ናቹራል ኢንግላንድም በ2019 በተለይ ስለ ስሱነት ግምገማ አሠራር መመሪያ አሳትሟል። በዚያ አገር የአካባቢ አስተዳደሮች አዲስ የመኖሪያ ቤት ቦታ ሲመርጡ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን እንደ አንድ ግብዓት ይጠቀማሉ።

የአሠራር ደረጃዎች

1. ዓላማን መወሰን፦ የትኛው አካባቢ፣ ለየትኛው የግንባታ ዓይነት እንደሚጠና ይገለጻል።

2. መረጃ ማሰባሰብ፦ የከፍታ፣ የአፈር፣ የወንዝ፣ የመሬት አጠቃቀም፣ የቅርስና የጥበቃ ክልል ካርታዎች ይሰበሰባሉ።

3. መሬቱን መከፋፈል፦ አካባቢው ተመሳሳይ ባሕርይ ባላቸው ክፍሎች ይከፈላል። ክፍፍሉ የቀበሌን ወሰን ሳይሆን የመሬቱን ባሕርይ፣ ለምሳሌ የወንዝ ዳርን፣ ሜዳን፣ ተዳፋትንና አምባን ይከተላል።

4. የመስክ ጉብኝት፦ ባለሙያዎች በእግር ዞረው ከመንገድ፣ ከኮረብታና ከነባር ሰፈሮች ምን እንደሚታይ ይመዘግባሉ።

5. ነዋሪዎችን ማነጋገር፦ ጥምቀተ ባሕር፣ የዕድር መሰብሰቢያ ዛፍ ወይም በበጋ የማይደርቅ ምንጭ የት እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ነዋሪው ነው።

6. ደረጃ መስጠት፦ እያንዳንዱ ክፍል በየመስፈርቱ ተመዝኖ ከምክንያቱ ጋር አጠቃላይ ደረጃ ይሰጠዋል።

7. ምክረ ሐሳብ፦ የት መገንባት እንደሚሻል ብቻ ሳይሆን ከተገነባ በምን ቁመት፣ ከወንዙ ምን ያህል ርቆ፣ የትኞቹን ዛፎች አስቀርቶ እንደሆነ ይጻፋል።

በኮምፒውተር ማስላትና የአማካይ ችግር

በጂአይኤስ አካባቢው እኩል መጠን ባላቸው ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን በየመስፈርቱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ በመስፈርቱ ክብደት ተባዝቶ ይደመራል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በነፃ ይገኛል። ኪውጂአይኤስ የተባለው ሶፍትዌር ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበው የከፍታ መረጃ 30 ሜትር ገደማ በሆነ ልኬት ይገኛል፤ የአውሮፓ ሴንቲነል 2 ሳተላይቶች ምስል ደግሞ እስከ 10 ሜትር ድረስ ይለያል። ከከፍታ መረጃው አንድ ሕንፃ ከየት ከየት ሊታይ እንደሚችል ማስላትም ይቻላል።

ይሁን እንጂ ድምር ወይም አማካይ ዋናውን ነገር ሊደብቅ ይችላል። ሦስት መስፈርቶች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ቢሰጡ፣ ቦታ ሀ 3፣ 3 እና 3፣ ቦታ ለ ደግሞ 1፣ 3 እና 5 ሊያገኝ ይችላል። የሁለቱም ድምር 9 ነው። ነገር ግን በቦታ ለ ላይ 5 ነጥብ ያስገኘው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም የከተማው የመጠጥ ውሃ ምንጭ ከሆነ ሁለቱ ቦታዎች እኩል አይደሉም። በተጨማሪም እነዚህ ነጥቦች ቅደም ተከተልን እንጂ መጠንን አይገልጹም፤ 4 ያገኘ ቦታ 2 ካገኘው «እጥፍ ስሱ» ነው ማለት አይቻልም።

ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው በፍጹም ሊነኩ የማይገባቸውን ቦታዎች ከድምሩ በፊት ለይቶ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ክብደቶቹን እየቀያየሩ ስሌቱን በመደጋገም የትኛው ቦታ በጥቂት ለውጥ ደረጃው እንደሚገለበጥ ማየት ነው። ሦስተኛው ከቁጥሩ ጎን የባለሙያውን የጽሑፍ ምክንያት ማስቀመጥ ሲሆን፣ ይህም ሌላ ሰው ውሳኔውን እንዲመረምር ያስችላል።

ምሳሌ፦ የባልቲሞር ሸለቆዎች

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከባልቲሞር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኙት የግሪን ስፕሪንግና የዎርዚንግተን ሸለቆዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ የከተማ መስፋፋት ጫና ደረሰባቸው። ከተማዋን የሚከበው አዲሱ አውራ ጎዳና ሸለቆዎቹን ለመሐል ከተማ አቅርቧቸው ነበር። ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 የሸለቆዎች ፕላን ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ማክሃርግና የሥራ ባልደረባው ዴቪድ ዋላስም የልማት ፕላን አዘጋጁ።

ፕላኑ ዕድገትን አልከለከለም፤ ቦታ አስያዘው እንጂ። የሸለቆው ወለል ለእይታ ክፍት በመሆኑና በሥሩ ጠቃሚ የከርሰ ምድር ውሃ ስላለ ከግንባታ ነፃ እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ። በደን የተሸፈነው የሸለቆ ግድግዳ ቤቶችን ሊሰውር ስለሚችል በጣም ጥቂት ቤት እንዲፈቀድበት፣ ራቁቱን የቆመው ግድግዳ ግን ዛፍ እስኪለብስ እንዳይነካ ተባለ። ጥቅጥቅ ያለው ሰፈር ከላይ ባለው አምባ ላይ እንዲሆን ተመከረ።

በ1967 የባልቲሞር ካውንቲ ከተማና ገጠርን የሚለይ ወሰን አበጀ። የሕዝብ ውሃና የፍሳሽ መስመር ከወሰኑ ውስጥ እንጂ ውጭ አይዘረጋም። ዛሬ ከካውንቲው ነዋሪ 90 በመቶ ያህሉ የሚኖረው ከመሬቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ በሆነው በወሰኑ ውስጥ ነው። ምሳሌው የሚያሳየው ካርታ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ምክሩን ያጸናው የውሃና የፍሳሽ መስመር የት ይዘርጋ የሚለው አስተዳደራዊ ውሳኔ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የከተማ ፕላን ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 574/2000፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ተደንግጓል። የተፅዕኖ ግምገማ የአንድን የታወቀ ፕሮጀክት ጉዳት ይመረምራል። የስሱነት ግምገማ ግን ከዚያ ቀድሞ፣ መዋቅራዊ ፕላን በሚዘጋጅበት ጊዜ የመስፋፊያ አቅጣጫን ለማነፃፀር ይጠቅማል።

የዘዴውን ጥቅም ለመረዳት ባሕር ዳር ጥሩ ማሳያ ናት። የከተማዋ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1994 ቆጠራ 96,140 የነበረ ሲሆን እስከ 2007 ቆጠራ ድረስ በብዙ ጨምሯል። ከተማዋ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ትገኛለች። ዩኔስኮም በ2015 ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል።

ተዳፋትን ብቻ ያየ ስሌት ሜዳ የሆነውን የሐይቅና የወንዝ ዳር ለግንባታ ምርጥ አድርጎ ያወጣዋል፤ ሜዳ ላይ መሥራት ርካሽ ነውና። የውሃ ንብርብር ሲጨመር ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በሐይቁ ዳር ያለው ደንገል የለበሰ ረግረግ ደለልን ያጣራል፣ ለዓሣና ለአዕዋፍ መጠለያ ይሆናል፤ ደንገሉም ለታንኳ መሥሪያ ያገለግላል። ዓባይንና ከተማዋን ቁልቁል ከሚያሳየው ከቤዛዊት ኮረብታ ሲታይ ደግሞ የሕንፃ ቁመት ራሱን የቻለ ጥያቄ ይሆናል። የከተማዋ ዳር ገበሬ መሬትም በሳተላይት ምስል ላይ ባዶ ቦታ ሊመስል ይችላል፤ ለባለቤቱ ግን የዓመት ቀለብ ነው።

ውስንነቶች

ዘዴው ትችት ይቀርብበታል። አንደኛ፣ ውበትና ፋይዳ እንደ ተመልካቹ ስለሚለያዩ የመዛኞቹ ማንነት ውጤቱን ይወስናል። ሁለተኛ፣ ሀብታም ሰፈሮች «ስሱ» በሚል ስም አዲስ መጤን ለማራቅ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ግንባታ የሚከለከልበት መሬት ሲበዛ የቤት ዋጋ ሊንር ይችላል። ሦስተኛ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ያገኘ ቦታ ሁሉ ለግንባታ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ የይዞታ መብትና የትራንስፖርት ጉዳይ ለየብቻ መጠናት አለባቸው። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ግንባታ ለብቻው ቀላል ቢመስልም ተደምሮ አካባቢውን ሊለውጥ ስለሚችል ካርታው በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል።

ስለዚህ የስሱነት ካርታ የፈቃድ ወይም የክልከላ ሰነድ አይደለም። ከተማው መስፋቱ ካልቀረ በየአቅጣጫው ምን እንደሚታጣ አስቀድሞ የሚያሳይ የማነፃፀሪያ መሣሪያ ሲሆን፣ ምርጫው የአስተዳደሩና የነዋሪው ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል።