ስለ ኵርዓተ ርእሱ ሥዕልና ስለ ተመልካቾቹ

ጎንደርን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ሥዕል ቢጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ ነው። በጣራው ላይ በየረድፋቸው የተሣሉት የኪሩቤል ፊቶች፥ ክንፋቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ዓይናቸውን ወደ ሰው ሲጥሉ፥ በእውነት የሚያስደንቁ ናቸው። ቍጥራቸውን ለማወቅ አንገቱን ቀና አድርጎ ያልቈጠረ እንግዳ የለም፤ ሁለት ሰዎች ቈጥረው አንድ ቍጥር ይዘው ሲወጡ ግን አላየሁም። እያንዳንዱም «አንዱ መልአክ እኔን ብቻ ሲመለከተኝ ነበር» ብሎ ይወጣል። እኔም በዚያ ጣራ ሥር ብዙ ሌሊት በማኅሌት ቆሜአለሁና ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ከጎንደር ሥዕል ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል የምመርጠው እርሱን አይደለም። የምመርጠው ከጎንደር ከወጣ መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን፥ እኔም ዋናውን በዓይኔ ያላየሁትን፥ ኵርዓተ ርእሱን ነው።

ያላዩትን ሥዕል መውደድ እንደ ምን ይሆናል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩን ከስሙ እንጀምር።

«ኰርዐ» ማለት በግእዝ ራስን በበትር ወይም በመቃ መታ ማለት ነው። ስሙም የተወሰደው ከወንጌል ነው፤ ጭፍሮቹ ጌታችንን ቀይ ልብስ አልብሰው፥ የእሾህ አክሊል ደፍተውበት፥ መቃውን ከእጁ ነጥቀው ራሱን እንደ መቱት ማቴዎስ በ27ኛው ምዕራፍ ከጻፈበት ስፍራ። እንግዲህ ልብ ማለት ይገባል። በሥዕሉ ላይ ያለው የጌታ ፊት፥ የእሾሁ አክሊልና በግንባሩ የወረደው ደም ነው። የሚመታ እጅ የለም፤ ጭፍራም የለም። አውሮጳውያን ይህን የመሰለውን ሥዕል የሚጠሩት በእሾሁ ወይም በሐዘኑ ነው። አባቶቻችን ግን በሚታየው ሳይሆን በማይታየው ምት ጠሩት። ይህን ስም ያወጣ ሰው ባለቅኔ እንደ ነበረ አልጠራጠርም።

ቅኔ በምቈጥርበት ዘመን፥ ዐቢይ ጾም ሊፈጸም ሲቃረብ፥ የኔታ የዚህን ሥዕል ነገር አንሥተው «የተመታውንስ አየነው፤ የመታው ወዴት አለ?» ሲሉ ጠየቁንና ሦስት ቀን ሰጡን። አንዱ ተማሪ «ሠዓሊው ሰሌዳ አንሶት ነው» አለና ተሣቀበት። ሌላው «ደመወዙን ሊቀበል ወደ ጲላጦስ ሄዷል» አለ፤ ይህም ጥቂት ተመሰገነ። ከሁላችን ታናሽ የነበረው ግን «ፊት ለፊቱ ቆሟል» ብሎ ዝም አለ። የኔታም ጥቂት ቆይተው «ሰሙን አንተ አገኘኸው፤ ወርቁን እያንዳንዳችሁ በየጎጇችሁ ፈልጉ» አሉን። እኔ ከዚያ ወዲህ የዚህን ሥዕል ታሪክ በመጻሕፍት ባነበብሁ ቍጥር የዚያ ልጅ ቃል ይመጣብኛል። ሥዕሉን ማን ሣለው ከማለት ይልቅ ፊት ለፊቱ ማን ማን ቆመ ማለት ይቀለኛል።

ማን ሣለው የሚለውም ቢሆን ብዙ ተብሎበታል። በአገራችን ወንጌላዊው ሉቃስ ሣለው፥ ከኢየሩሳሌምም መጣ የሚል አፈ ታሪክ አለ። የአውሮጳ ሊቃውንት ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ገደማ የተሣለ ነው ይላሉ፤ ከፊሎቹ ለፍላንድር፥ ከፊሎቹ ለፖርቱጋል ሠዓሊ ይሰጡታል። በ1520 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጣው የፖርቱጋል መልእክት ውስጥ ላዛሮ ደ አንድራዴ የሚባል ሠዓሊ ስለ ነበረ፥ ምናልባት እርሱ ይሆን ያሉም አሉ። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም። ከየትም ይምጣ፥ ጎንደር ከደረሰ በኋላ የጎንደር ሆነ።

የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል ይህን ሥዕል እንደ ግምጃ ቤት ዕቃ አይናገረውም፤ አብሮ እንደሚዘምት ሰው እንጂ። ንጉሡ ሲዘምት ኵርዓተ ርእሱ ከሠራዊቱ ጋራ ይወጣል፤ መኳንንቱም ለታማኝነታቸው በፊቱ ይምላሉ። የማሉት ሁሉ መሐላቸውን አልጠበቁም፤ የጎንደርን ዘመን ታሪክ ያነበበ ይህን ያውቃል። እነዚያ መኳንንት በሥዕሉ ውስጥ ያዩት የጦር አጋዥን ይሆናል፥ ወይም የመሐላ ዳኛን። የተመታ ራስ በፊታቸው ሳለ እጃቸውን አንሥተው ሲምሉ፥ ያ የተነሣ እጅ የማንን እጅ እንደሚመስል ያሰበ ከመካከላቸው ነበረ ይሆን እላለሁ።

በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ወደ ስናር ዘምተው በንጉሥ ባዲ ጭፍሮች ድል ሲሆኑ፥ ኵርዓተ ርእሱ ከቅዱስ መስቀሉ ክፋይ ጋራ ተማረከ። ለጎንደር ከተሸነፈው ጦር ይልቅ ይህ ከበዳት። በኋላም በወርቅ ተቤዥቶ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ በሠላሳ ብር ስለ ተሸጠው ጌታ የሚናገር ሥዕል በወርቅ ተገዝቶ ወደ ቤቱ ገባ። ይህን የመሰለ ሰምና ወርቅ አንድ ባለቅኔ ፈልጎ አያገኘውም፤ ታሪክ ራሱ ተቀኘው።

በዚያው ዘመን የንጉሡ እናት እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠርተው ነበር። በዚያ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፥ ከእግሯ በታች እቴጌይቱ ራሳቸው በግንባራቸው ወድቀው ተሥለዋል። እኔ ይህን ሥዕል የማነሣው ስለ ተመልካች ስለምናገር ነው። ሌላው ሰው በሥዕሉ ፊት ቆሞ ሲመለከት፥ እቴጌይቱ ግን ከውጭ መቆምን እምቢ ብለው ወደ ሥዕሉ ውስጥ ገቡ። ትዕቢት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ፍርሃት ይመስለኛል። ከእግሩ ሥር የወደቀ ሰው ቢያንስ በትር የያዘው ሰው በሚቆምበት ስፍራ አልቆመም።

ኵርዓተ ርእሱ በጎንደር በነበረበት ዘመን ሠዓሊዎቻችን ይቀዱት ጀመር፤ በብራና፥ በገበታ፥ በመቅደስ ግድግዳም። ቅጂውም ሲቀዳ ቆየ። የአገራችን ሠዓሊ ደግሞ ሲቀዳ እንደ ጸሐፊ ፊደል አይለቅምም፤ የተረዳውን ይጨምርበታል። እሾሁ ረዘመ፤ ወደ ራሱም ዘልቆ ገባ፤ ደሙ በረከተ፤ ዓይኑም ሰፍቶ ወደ ተመልካቹ ቀና አለ። ከሥሩም እንዴት ራሱን እንደ መቱት የሚል ቃል በግእዝ ይጻፍ ነበር። ዋናው ሥዕል አንድ ሆኖ በንጉሥ ድንኳን ሲኖር፥ ቅጂዎቹ ጭሰኛውና መበለቲቱ ዘንድ ደረሱ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ስፍራ ደረስን። ከጎንደር ሥዕሉን ያወጡት እንግሊዞች አይደሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ተግዘው ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ኵርዓተ ርእሱም በመጨረሻ የተገኘው በዚያው አምባ ነው። ይህን የምናገረው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሳቸውም ይህን ሥዕል እንደ ምርኮ አልያዙትም፤ በመኝታቸው ዘንድ ሰቅለውት ነበርና። ነገር ግን ስለ እንግሊዝ ብቻ ጮኸን ስለ ራሳችን ዝም ብንል ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

የዚያን ጊዜ ዕለቶቹን ተመልከቱ። የእሮጌ ጦርነት የሆነው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዓርብ ነው። ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 5 ዋለ። መቅደላ የተያዘውና ንጉሡ ራሳቸውን የሠዉት በፋሲካ ማግስት፥ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ነው። በዚያ ቀን ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋራ በእንግሊዝ ሙዚየም ስም የመጣ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ወደ አምባው ወጣ። የሞቱትን ንጉሥ ፊት በእርሳስ ሣለ፤ ከመኝታቸው ዘንድ የነበረውንም የጌታን ፊት ወሰደ። ከዚያ በኋላ በደላንታ ሜዳ ምርኮው ሁሉ ለጨረታ ሲቀርብ ለሙዚየሙ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት አገኘ። ኵርዓተ ርእሱን ግን ለሙዚየሙ አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው። ሰውዬው ሥዕል ዐዋቂ ነበረና ያየው ምን እንደ ሆነ ግልጥ ነው፤ የጥንት አውሮጳ ሠዓሊ እጅ አየ። ሌላ ነገር አየ ለማለት ማስረጃ የለኝም።

ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ በ1864 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ዓመት ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ሁለት ነገር ለመኑ፤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን። ከመቅደላ የሄደው ብዙ ሳለ ሁለቱን ብቻ መለመናቸው የሚደንቅ ነው። ወርቁን ዘውድ አልጠየቁም። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን የት እንዳለ አልታወቀም የሚል መልስ መጣ። ሆልምስ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ሹም ሆኖ በዊንድዘር ነበረ፤ ሥዕሉም በእጁ ነበረ፤ ምንም አልተናገረም። እስከ 1905 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ፎቶግራፉ በአንድ የለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት እስከ ወጣበት ድረስ፥ ነገሩ ተሸሽጎ ኖረ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ በ1917 በክሪስቲ ጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 በዚያው ዳግመኛ ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። በዚያም በግል እጅ መኖሩ በ1990ዎቹ በጋዜጣ ተገለጠ።

አንዳንድ ሰዎች «በጎንደር ቢቀር በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ባቃጠለው ነበር» ይላሉ። ይሆናል። ቍስቋም ተቃጥሏል፤ ብዙ ደብር ተቃጥሏል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተርፏል፤ ሕዝቡም ንብ ጠበቀው ይላል። የሚቃጠለውንና የሚተርፈውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለምና፥ «ይቃጠል ነበር» የሚለው ቃል ለያዘው ሰው የባለቤትነት ደብዳቤ አይሆነውም። ሥዕሉ ሊመለስ ይገባል። ይህን ካልሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ልጨምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በስሜን፥ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ደጋ፥ ገብስ ሲታጨድ፥ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሰንብቼ ነበር። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በብዙዎቹ እንደ ተለመደው በመቅደሱ ሰሜን ግድግዳ እነ ጊዮርጊስና መርቆሬዎስ በፈረስ ሆነው፥ በደቡቡ እመቤታችንና የጌታ ሕማማት ተሥለዋል። ሴቶች በደቡብ ስለሚቆሙ የሚያዩት ሕማማቱን ነው፤ ወንዶቹ ፈረሱን ያያሉ። በደቡቡ በኩል በሸራ የተሣለ፥ ጢስ የጠገበ፥ ያልሠለጠነ እጅ የቀዳው ኵርዓተ ርእሱ አለ። አንዲት አሮጊት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ ወደ እርሱ ቀርበው ይሳለሙታል። አንድ ቀን «እናቴ፥ ከዚህ ሁሉ ሥዕል ይህን ለምን መረጡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፥ ባለቤቴ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ በትር ያበዛ ነበር» አሉኝ። «ራስ ራሴን ነበር የሚለኝ። ለሰው ቢነግሩት ይስቃል፤ ለቄሱ ቢነግሩት ቻይው ይላል። እርሱ ግን ተመትቷልና ያውቃል።»

ቄሰ ገበዙ ኋላ እንደ ነገሩኝ፥ ሟቹ ባል በሕይወቱ ሳለ ከጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ሳይነቃነቅ የሚያስቀድስ ሰው ነበረ። ወንዶች በሰሜን መቆማቸው ሥርዓት ነውና ከዚህ ተነሥቶ ምንም መናገር አይቻልም።

በከረጢቴ ውስጥ የዋናው ሥዕል ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ ነበረ። ደስ ያሰኛቸው መስሎኝ አውጥቼ «ይኸው፥ የነገሥታቱ ኵርዓተ ርእሱ፥ ሌላው ሁሉ ከዚህ የተቀዳ ነው» ብዬ አሳየኋቸው። መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ያንን የጠራ መልክ፥ በጥንቃቄ የተሣለውን ጠጕር፥ ያንን ጸጥ ያለ ዓይን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም ሳይስሙት መለሱልኝ።

«መልኩስ መልካም ነው» አሉ። «ግን ይህ ገና አልተመታም።»