«ዲቃላ» የሚለው ቃል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላንሳ። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. አንድ ሕግ አወጣ፤ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት ይታሰራል የሚል። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን «ልጄ» እንዳይል ተከለከለ፤ ማሳደጊያውም በሐበሻዋ እናት ላይ ወደቀ። ሁሉም «ዘራችን እንዳይበረዝ» ተብሎ ነው።

አሁን እዚህ መፋዛ ሱዳናዊ ያገባች ዘመዴን ቤተሰቧ «ከእኛ አይደለሽም» ብሏታል። ገና በሆዷ ያለውን «ዲቃላ» ይሉታል። ያኔ አባት የካዳቸውን ልጆች አቅፈው ያሳደጉ እናቶች ከእኛው ወገን ነበሩ። አጎቶቼ፣ አክስቶቼ፣ ይህችን ልጅ በሰው አገር ብቻዋን አትተዋት። መውለጃዋ ደርሷል፤ ገንፎውን ማን ያገንፋላት?