ዙህር የሚዘገይለት ሐሩር፣ ሸክም የማይዘገይለት ሰው



ከሆሳዕና ወደ ቦኖሻ የወረደ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ የሙቀት መለኪያ አያሻውም። ሆሳዕና ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ መንገደኛ የቦዮ ሐይቅ ወዳለበት ሜዳ ሲቃረብ ጋቢውን አጥፎ በክንዱ ይይዛል። ሻሾጎ የበርበሬና የበቆሎ ምድር ነው፤ በርበሬና በቆሎ ደግሞ በእግራቸው ገበያ አይሄዱም። በጋሪ ተጭነው ይመጣሉ፣ በሰው ትከሻ ወደ መኪና ይወጣሉ። በበጋው ማብቂያ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት ኩንታል ተሸክሞ በሳንቃ ላይ የሚወጣውን ወጣት ሁላችሁም አይታችሁታል። ዙህር ሰግደን ከመስጂድ ስንወጣ በፊቱ እናልፋለን።

ስለዚህ ወጣት ለመናገር ታሪኩን ከሩቅ መጀመር ግድ ይላል።

ቡኻሪ ከአቡ ዘር አል-ጊፋሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ሶሐቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ ሙአዚኑ ለዙህር አዛን ሊል ተነሳ። ነቢዩም አየሩ በረድ እስኪል እንዲጠብቅ አዘዙት። ቆይቶ ዳግም ሊል ሲነሳ አሁንም እንዲጠብቅ ነገሩት። የኮረብቶቹ ጥላ ወጥቶ እስኪታይ ድረስ ሶላቱ ቆየ። የፊቅህ ሊቃውንት ይህን «ኢብራድ» ይሉታል፤ ሐሩር በበረታ ጊዜ ዙህርን ወቅቱ ሳይወጣ ማዘግየት ማለት ነው። እኛ በመድረሳ ይህን የተማርነው በሶላት ወቅቶች ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ለደረሳዎቼም ለዓመታት ከዚያው ምዕራፍ ሳላወጣ አስተማርኩት።

ሌላውንም ሐዲስ ያስተላለፉልን እኚሁ አቡ ዘር ናቸው። ረበዛ በተባለው ቦታ አንድ ሰው ሲያገኛቸው እርሳቸውም አገልጋያቸውም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አየና ምክንያቱን ጠየቃቸው። እርሳቸውም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሩት። አገልጋዮች ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከአቅማቸው በላይ አታሸክሟቸው፣ ካሸከማችሁም አግዟቸው የሚል ትእዛዝ ነበር። ሁለቱን ሐዲሶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። ከሸሃዳ ቀጥሎ ታላቁ የዲናችን ምሰሶ ለሐሩር ሲባል ጥላ እስኪወጣ ከጠበቀ፣ የነጋዴ ኩንታል የማይጠብቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሸሪዓ የሠራተኛን ሁኔታ ያየበት ቦታ ይህ ብቻ አይደለም። የነቢዩ አጎት ዐባስ (ረ.ዐ) ለሑጃጆች የዘምዘምን ውሃ የማጠጣት ኃላፊነት ነበረባቸው። በሐጅ ወቅት ሰው ሁሉ ሚና ላይ በሚያድርባቸው ሌሊቶች እርሳቸው ስለ ውሃው ሲሉ መካ እንዲያድሩ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። በሌላ ቀን ደግሞ ነቢዩ ወደ ዘምዘም መጥተው የዐባስን ቤተሰቦች ውሃ ሲቀዱ አገኟቸው። ሥራቸውን አመስግነው፣ ሕዝቡ ተጋፍቶ ባያሸንፋችሁ ኖሮ እኔም ወርጄ ገመዱን እዚህ ላይ አደርግ ነበር ሲሉ ወደ ትከሻቸው አመለከቱ። ትከሻ በእኛ ገበያ የሚናቅ የሰውነት ክፍል ነው። ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር «አንተ ተሸካሚ!» እያሉ የሚጣሩ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ሐሩርን በሰዓት ማሸነፍን የሀገራችን ሰዎችም ያውቁታል። በአፋር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለውን የዳሎልን የጨው ሜዳ አስቡ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሌሊቱም ቀኑም፣ ክረምቱም በጋውም ተደምሮ ማለት ነው። ከዚያ የሚቆረጠው ጨው አሞሌ ተብሎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሀገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። የአፋር ሙስሊም ይቆርጠዋል፣ ከደጋ የሚወርደው አርሆ በግመልና በአህያ ጭኖ በበርሃሌ በኩል ወደ መቀሌ ያወጣዋል። ቆራጮቹ በማለዳ ጀምረው ፀሐይ ሳትበረታ የቀኑን አብዛኛውን ሥራ ለመጨረስ ይጣደፋሉ፤ ቅፍለቱም በተቻለው መጠን ቀትሩን ሸሽቶ ይጓዛል። ሠራተኞቹ የሚሰፍሩባት መንደር ሐመድ ኢላ ትባላለች፤ «ኢላ» በአፋርኛ የውሃ ጉድጓድ ነው። የአሁኑ የመኪና መንገድ ከገባ ወዲህ የግመሉ ጉዞ እየቀነሰ ሄዷል።

አርሆው ይህን ማድረግ የቻለው ግመሉም ሰዓቱም የራሱ ስለሆነ ነው። ሰዓቱ የሌላ ሰው የሆነበትን ተሸካሚ ታሪክ ለማየት ወደ ራሳችን ምድር መመለስ አለብን፤ ማስታወሱም ደስ አይልም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ዐረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ስለ ሐዲያ የሙስሊም መንግሥት ጽፈዋል። ሕዝቡ «ሐኩና» በተባለ የብረት ቁራጭ እንደሚገበያይ ይነግሩናል። ይህን በኩራት እንጠቅሳለን። ነገር ግን እኚሁ ጸሐፊ በባርነት የተሸጡና የተሰለቡ ሰዎች ወደ ሐዲያ ይመጡ እንደነበርም ጽፈዋል፤ ይህን ስንጠቅስ ግን አልሰማሁም። እነዚያ ሰዎች የመጡት በእግራቸው ነው። መቼ እንደሚያርፉና መቼ ውሃ እንደሚጠጡ የሚወስነው ሻጫቸው ነበር። አቡ ዘር ያስተላለፉት ሐዲስ በዚያን ጊዜ በዚህ ምድር በሙስሊሞች ይነበብ ነበር።

በዘመናችን ልጆቻችን የሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ሰዓቱን በሕግ ይዘውታል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላሉ። ኳታር በ2021 እ.ኤ.አ. ባሰፋችው ደንብ ክልከላው ከግንቦት 24 ጀምሮ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ሕጉ ሁሉን ጠብቋል አልልም። ቢያንስ ግን ቀትር የአሠሪ ብቻ እንዳልሆነ በጽሑፍ አስፍረዋል። ቦኖሻ ላይ እንዲህ ያለ ልማድ የለንም፤ የመኪናው ባለቤት ሳይመሽ ለመድረስ ይቸኩላል፣ ጫኚው የሚከፈለው በኩንታል ስለሆነ ያረፈበት ሰዓት የጎደለ እንጀራ ይሆንበታል። አንድ ቀን ከእህል መጋዘን ፊት አንድ ልጅ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ አይቻለሁ። ባለ እህሉ አስቀድሞ የጠየቀው ኩንታሉ መቀደዱን ነበር።

ያ ልጅ የወደቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በሐሩር ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ያፈሳል፤ ከላቡም ጋር ጨው ይወጣል። ጥም እስኪሰማ መጠበቅ መዘግየት ነው። የጤና ባለሙያዎች በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ እንዲጠጣ ይመክራሉ፤ ከሰዓታት በኋላ በአንድ ትንፋሽ ጣሳ ሙሉ መገልበጥ አይተካውም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠጡ ሦስት ጊዜ እየተነፈሱ ነበር። የጠፋው ጨው በምግብ ይተካል፤ በገጠር ቤቶቻችን በጨው የሚጠጣው ቡና ከንቱ ልማድ አልነበረም። ጫት ግን ድካሙን ከባለቤቱ ይደብቃል እንጂ አያወጣውም፤ ጫኚዎች እንደሚቀየሙኝ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ራሱን ያዞረው ሰው ወዲያው ጥላ ሥር አርፎ ይጠጣ። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ሰውነቱን በውሃ እያራሳችሁና እያራገባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

በእነዚህ ዓመታት ረመዷን በበጋው ማብቂያ ላይ እየዋለ ነው። ጫኚው ጾሙን ነይቶ ያነጋል፤ በሥራው መካከል ጉዳት የሚያደርስ ጥም ከያዘውና ሥራውን መተው ካልቻለ አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዳ እንዲያወጣ ሊቃውንት ፈቅደዋል። ይህን የምናስተምረው ለጫኚው ነው። ለአሠሪው ግን በዚያ ወር ጭነቱን ከሱብሒ በኋላና ከዐስር በኋላ እንዲያደርግ የነገረው ማን ነው? እኔ በኹጥባ ላይ ተናግሬው አላውቅም።

ወጪውን ከፈራችሁ እናስላው። አምስት ጫኚዎች ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ቢሠሩ፣ ለእያንዳንዱ በሰዓት አንድ ሊትር ሲታሰብ 20 ሊትር ውሃ ይሆናል። በአህያ ጋሪ እየዞረ የሚሸጠው አንድ ቢጫ ጄሪካን ማለት ነው። ጄሪካኑን ከመጋዘኑ በር ጥላ ባለበት በኩል አስቀምጡት፤ ኩባያውን በገመድ እሰሩት። የመጀመሪያውን ኩባያ ደግሞ ውሃውን ላመጣው ባለጋሪ ቅዱለት፤ እርሱም ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው።