ኬዎስ ኢንጂነሪንግ

ኬዎስ ኢንጂነሪንግ (በግርድፉ «የምስቅልቅል ምሕንድስና») በአንድ የሶፍትዌር ሥርዓት ላይ ሆን ተብሎና በቁጥጥር ሥር ብልሽት በመፍጠር ሥርዓቱ ችግርን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚፈተሽበት ዘዴ ነው። ሰርቨር ይጠፋል፣ የኔትወርክ መስመር እንዲዘገይ ወይም እንዲቋረጥ ይደረጋል፣ ዳታቤዝ መልስ እንዳይሰጥ ይታገዳል፤ ከዚያም የሚሆነው ይመዘገባል። ስያሜው አሳሳች ነው፤ የሥራው ዓላማ ምስቅልቅል መፍጠር ሳይሆን የተደበቀን ድክመት ደንበኛ ሳይደርስበት ማግኘት ነው። የተለመደው ፍተሻ አንድ ክፍል የታዘዘውን መሥራቱን ያያል፤ ይህኛው ግን አንዱ ክፍል ሲወድቅ የቀሩት ምን እንደሚሆኑ ይጠይቃል።

ታሪክ

በእሳት አደጋ ተከላካይነት የሠለጠነውና በአማዞን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄሲ ሮቢንስ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ «ጌም ዴይ» የተባለውን ልምምድ አስጀመረ። ይህም ብልሽትን ሆን ብሎ ፈጥሮ የሠራተኛውንና የሥርዓቱን ምላሽ ማየት ነበር። ዘዴው በስፋት የታወቀው ግን በኔትፍሊክስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ዳታቤዙ ተበላሽቶ ለሦስት ቀናት ዲቪዲ ለደንበኞቹ መላክ አቃተው። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን ወደ አማዞን ክላውድ ማዛወር ጀመረ፤ ሥራ ላይ ያሉ ሰርቨሮችን በዘፈቀደ የሚያጠፋ «ኬዎስ መንኪ» የተባለ ፕሮግራምም ሠራ፤ ኮዱንም እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁሉም ክፍት አደረገ። በኋላ የመጣው «ኬዎስ ኮንግ» አንድ ሙሉ የክላውድ ቀጠና የወደቀ ያህል የሚያስመስል ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2015 የአማዞን የምሥራቅ አሜሪካ ቀጠና በእውነት ሲታወክ ኔትፍሊክስ ብዙም ሳይጎዳ ያለፈው ይህንኑ አስቀድሞ ስለተለማመደ ነው።

አሠራር

ሙከራው በመላምት ይጀምራል፤ ለምሳሌ «ከሁለቱ ሰርቨሮች አንዱ ቢጠፋ ክፍያ አይቋረጥም» ይባላል። ጤናማው ሁኔታ በቁጥር ይለካል (በደቂቃ ስንት ክፍያ ተሳካ?)፣ ብልሽቱ በጥቂት ተጠቃሚ ላይ ብቻ ይለቀቃል፣ ነገሩ ከተጠበቀው ውጭ ከሄደም ወዲያው የሚቆምበት መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ልኬትና ማቆሚያ ከሌለው ሙከራ ሳይሆን ጥፋት ነው። ኬዎስ መንኪም የሚሠራው መሐንዲሶች በቢሮ ባሉበት በሥራ ቀንና ሰዓት ነው።

በኢትዮጵያ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ታውኮ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት ተሰራጨ፤ ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በወቅቱ እንደገለጹት የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ባንኩ ክስተቱ ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ። አብዛኛው ገንዘብ ቢመለስም ያልመለሱ ደንበኞች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ወጣ።

ይህ የታሰበበት ሙከራ አልነበረም። ሆኖም ዘዴው በባንክ ቤት ከፊልም ማሳያ የተለየ ጥያቄ እንደሚያስነሳ ያሳያል። ፊልም የሚያሳይ ድርጅት ዋናው ጭንቀቱ አገልግሎቱ እንዳይቆም ነው፤ ለባንክ ግን መቆም ራሱ አንዳንዴ ትክክለኛው ምላሽ ነው። የሂሳብ ቀሪን ማረጋገጥ ሳይቻል ሲቀር የክፍያ ጥያቄው ይከለከላል ወይስ ያልፋል? አንዳንድ የካርድ ሥርዓቶች ዋናው ሥርዓት ሲቋረጥ እስከ ተወሰነ መጠን በራሳቸው እንዲፈቅዱ ይዋቀራሉ፤ የመጠኑ ገደብ በትክክል መሥራቱ የሚታወቀው ግንኙነቱን ቆርጦ በማየት ነው።

ሌላው ለሙከራ የሚመች ቦታ የኤቲኤም መስመር ነው። ሐረር ያለ ሰው የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን ሲጠቀም ጥያቄው በኢትስዊች በኩል አልፎ ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይደርሳል። ከሂሳቡ ከተቀነሰ በኋላ፣ ማሽኑ ግን ብሩን ሳያወጣ መስመሩ ቢቋረጥስ? «ተቆርጦብኛል፣ ግን አልወጣልኝም» የሚለው የተለመደ አቤቱታ የሚመነጨው ከዚህ ክፍተት ነው። ፈታኙ መስመሩን በዚያችው ቅጽበት ቆርጦ ተቀናሹ በራሱ መመለሱን፣ ደንበኛው ደግሞ ሲሞክር ሁለቴ አለመቀነሱን ያያል። የመብራት መጥፋትም እንዲሁ ይሞከራል፤ ጄኔሬተር መኖሩ አይበቃም፣ እስኪነሳ ባለው ጊዜ ባትሪው ሰርቨሩን ማቆየቱ መታየት አለበት።

አጀማመር

በደንበኛ ገንዘብ ላይ ወዲያው አይጀመርም። መጀመሪያ ባለሙያዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ይህ ቢወድቅ ማን ምን ያደርጋል?» ብለው ይነጋገራሉ፤ ቀጥሎ በመሞከሪያ ሥርዓት ላይ ይሠራሉ። የሚታወቅ ድክመት ካለም ይጠገናል እንጂ ሙከራ አያስፈልገውም። ለዚህ ሥራ «ሊትመስ ኬዎስ» እና «ኬዎስ ሜሽ» የተባሉ ኮዳቸው ክፍት የሆኑ መሣሪያዎች ያለክፍያ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በኩበርኔቲስ ላይ ለሚሠሩ ሥርዓቶች የተዘጋጁ ናቸው።